መጥኖ መደቆስ፦ ለሚያድግ አካባቢ የኤሌክትሪክ መሥመር እንዴት ይታቀዳል?



መብራት ሲጠፋ «መብራት ኃይል አጠፋው» ይባላል። ሲመጣ «መጣ!» ተብሎ ይጨበጨባል፤ ነገሩም በዚያው ይረሳል። መብራቱ ከየት ተነሥቶ፣ የትኛውን ወንዝና ሸንተረር ተሻግሮ፣ በምን ሂሳብ ቦንጋ እንደሚደርስ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛ እጩ መምህራን ነገ በየቀበሌው ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስንቆም፣ «መምህር፣ ትልቁ ሽቦ በመንደራችን አናት ላይ ያልፋል፤ እኛ ቤት ግን ኩራዝ ነው የምናበራው፤ ለምን?» የሚል ልጅ መምጣቱ አይቀርም። «እኔ እንጃ» ብሎ ማለፍ ለመምህር አይሆንም። ስለሆነም በዛሬው ጽሑፋችን የማስተላለፊያ መሥመር ሲታቀድ የሚነሡትን ሦስት ጥያቄዎች ከነስሌታቸው እናቀርባለን። እነርሱም፦ ስንት ይበቃል? በስንት ቮልት? በየት በኩል? የሚሉት ናቸው።

ሦስተኛው ጥያቄ በሌላ ቦታ ቀላል ሊሆን ይችላል። በከፋ ግን ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። በእኛ ምድር ካርታ ላይ ቀጥታ መሥመር ማስመር ብዙ ጊዜ በደን ውስጥ ማስመር ማለት ነውና። የጽሑፋችን ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ በከፋ የኤሌክትሪክ መሥመሩና ደኑ በአንድ መዝገብ ላይ የሚሰፍሩ ሂሳቦች ናቸው፤ አንዱን አስልቶ ሌላውን መተው ሂሳቡን ማጉደል ነው።

1. ነገሩ ዛሬ የሚነሣው ለምንድን ነው?

እንደሚታወቀው በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ከፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ በአንድ ክልል ተሰባሰቡ። ቦንጋም ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆነች። መሥሪያ ቤት ሲከፈት ሠራተኛ ይመጣል፤ ሠራተኛ ሲመጣ ቤት ይሠራል፤ ቤት ሲሠራ ምጣዱ፣ ማቀዝቀዣው፣ ወፍጮው ይከተላል። ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሉ፣ የእኛም ተቋም ሁሉም ከዚያው ሽቦ ነው የሚጠቡት።

በአገር ደረጃ ኃይል የማመንጨቱ ሥራ ብዙ ርቀት ተጉዟል። ግልገል ጊቤ አንድ በ1996 ዓ.ም. 184 ሜጋ ዋት፣ ጊቤ ሁለት በ2002 ዓ.ም. 420 ሜጋ ዋት፣ ጊቤ ሦስት በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. 1870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዘው ተመርቀዋል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5150 ሜጋ ዋት አቅም ይዞ ተመርቋል። ይሁንና ምንጭ ማጎልበትና ውሃውን ከደጃፍ ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ምንጩ ቢትረፈረፍ ቧንቧው ከሌለ እንስራው ባዶ ነው። ለኤሌክትሪክ ቧንቧው የማስተላለፊያ መሥመር ነው።

ይህንን ሥራ የሚሠሩትን ድርጅቶችም ለይተን እንወቅ። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ነበር፤ «መብራት ኃይል» የሚለው ስም በሕዝቡ አፍ የቀረው ከዚያ ነው። በኋላ ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፈለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጨውና በትልልቁ መሥመር የሚያስተላልፈው ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ለደንበኛ የሚያከፋፍለውና ሂሳብ የሚሰበስበው ነው። ታዲያ አቤቱታ ያለው ሰው የትኛው በር እንደሚንኳኳ ቢያውቅ ከመመላለስ ይድናል።

2. የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ስንት ይበቃል?

መሥመር የሚለካው በአማካይ ፍላጎት አይደለም፤ ፍላጎቱ ከሁሉ በሚበረታበት ሰዓት ነው። ድልድይ የሚሠራው ለበጋ ውሃ ሳይሆን ለክረምት ሙላት እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው።

ለምሳሌ ያህል 10 ሺ ቤት ያላት አንዲት ከተማ እንውሰድ። በየቤቱ 3500 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ እንበል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ቢጥዱ 35 ሜጋ ዋት ይፈለጋል። ነገር ግን አንዷ ስትጋግር ሌላዋ ትቦካለች፤ ሌላዋም ትናንት ጋግራለች። ባንድ ሰዓት የሚጥደው ከአምስት ቤት አንዱ ብቻ ከሆነ የሚያስፈልገው 7 ሜጋ ዋት ነው። ከ35 እስከ 7 ያለው ልዩነት የሚመጣው የሕዝቡን ኑሮ ከማወቅ ነው። በመሆኑም አቃጁ የሌላውን ከተማ ልማድ እንዳለ ገልብጦ ወደ ከፋ ማምጣት የለበትም። እዚህ ቆጮ የሚበላበት ቤት ብዙ ነው፤ የምጣዱ ሂሳብም በዚያው ልክ ይለያል።

በከፋ ደግሞ ሌላ የሚታይ ነገር አለ፤ ቡናው። ታጥቦ የሚዘጋጅ ቀይ ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይበላሻል። ቀን ይለቀማል፣ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባል፣ ማታ ይፈለፈላል። ማታ ማለት ደግሞ በየቤቱ አምፖሉ የሚበራበት፣ እራት የሚሠራበት ሰዓት ነው። ስለዚህ በለቀማው ወራት የማሽኑና የቤቱ ፍላጎት ባንድ ሰዓት ይደራረባሉ። የውሽውሽ የሻይ ቅጠልም እንዲሁ ከተቀነጠበ በኋላ ብዙ አይቆይም፤ ቶሎ መጠውለግ፣ መፈጨትና መድረቅ ይኖርበታል። በመስከረም ወር መጥቶ ቆጣሪ አንብቦ የሚሄድ አጥኚ የኅዳርን ማታ ካላየ ስሌቱ ጎደሎ ይሆናል።

ከዚህም ሌላ ዕድገቱ መታሰብ አለበት። አንድ አካባቢ ዛሬ 10 ሜጋ ዋት ቢፈልግና ፍላጎቱ በየዓመቱ 10 በመቶ ቢጨምር፣ በ7 ዓመት ወደ 20፣ በ14 ዓመት ወደ 38፣ በ21 ዓመት ወደ 74 ሜጋ ዋት ይጠጋል። ልብ በሉ! 10 በመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ በጭማሪው ላይ ጭማሪ ሲታከል ግን በየ7 ዓመቱ እጥፍ ይሆናል። የብረት ምሰሶ ደግሞ አንዴ ከተተከለ አርባ ዓመትና ከዚያ በላይ የሚቆም ነው። ለዛሬ ብቻ የተሠራ መሥመር ተማሪው ሳይመረቅ ይጠባል። ከልክ በላይ የተሠራውም ቢሆን በብድር የመጣ ገንዘብ ተራራ ላይ ተሰቅሎ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። አበው «መጥኖ መደቆስ» የሚሉት ለዚህ ነው፤ ድስት ከተጣደ በኋላ ማልቀስ አይረባም።

3. ሁለተኛው ጥያቄ፦ በስንት ቮልት?

ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲሄድ ከፊሉ በመንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። የሚጠፋው መጠን የሚወሰነው በሽቦው ተቃውሞና በሚያልፈው ከረንት ነው። ይኸውም ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ፣ ከዚያ በተቃውሞው ይባዛል። ስለዚህ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ኪሣራው እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ያንኑ ኃይል በትንሽ ከረንት ለማድረስ ያለው መንገድ ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ ነው፤ ኃይል የሁለቱ ብዜት ነውና።

በቁጥር እንየው። 20 ሜጋ ዋት 100 ኪሎ ሜትር ይወሰድ እንበል። ለንጽጽር እንዲመች በሁለቱም ጊዜ ሽቦው አንድ ዓይነት ነው፤ ተቃውሞው በኪሎ ሜትር 0.2 ኦም፣ በጠቅላላው 20 ኦም ይሁን። መሥመሩ ሦስት ፌዝ ስለሆነ ከረንቱን ለማግኘት ኃይሉን ለቮልቴጁና ለ1.73 ብዜት እናካፍላለን።

ሀ) በ33 ኪሎ ቮልት ቢላክ፦ ከረንቱ 350 አምፔር ያህል ይሆናል። ኪሣራው 3 ጊዜ 350 ጊዜ 350 ጊዜ 20፣ ማለትም 7.35 ሜጋ ዋት ነው። ከተላከው ከሲሦ በላይ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው!

ለ) በ132 ኪሎ ቮልት ቢላክ፦ ከረንቱ 87.5 አምፔር ይሆናል። ኪሣራው 0.46 ሜጋ ዋት ብቻ ነው፤ ከመቶ 2.3 እጅ።

ቮልቴጁ አራት እጥፍ ሲያድግ ኪሣራው ወደ አሥራ ስድስተኛ እጅ ወረደ። በሀ ላይ የጠፋው ኃይል ብቻ አይደለም። ቮልቴጁም እየደከመ ስለሚሄድ መጨረሻ ላይ ያለው ቤት አምፖሉ ፍም ይመስላል፤ የማቀዝቀዣው ሞተር ያጓራል እንጂ አይዞርም። «መብራት አለ፤ ግን የለም» የሚባለው ዓይነት መብራት ከሚመጣባቸው ምክንያቶች አንዱ ረጅም መንገድን በዝቅተኛ ቮልቴጅ መጓዝ ነው።

የትልልቆቹ መሥመሮች ነገርም በዚሁ ይገባናል። ከጊቤ ሦስት ወደ ወላይታ ሶዶ የሚሄደው መሥመር 400 ኪሎ ቮልት፣ ከሕዳሴ ግድብ በደዴሳ በኩል ወደ ሆለታ የሚመጣው 500 ኪሎ ቮልት ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ እስከሚባለው ቦታ የሚደርሰው መሥመር ደግሞ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። እርሱ በ500 ኪሎ ቮልት ቀጥተኛ ከረንት የሚሠራ ሲሆን እስከ 2000 ሜጋ ዋት እንዲያስተላልፍ የተሠራ ነው፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ኃይል ለኬንያ መሸጥ ተጀምሮበታል። ርቀቱና ጭነቱ በጨመረ ቁጥር ቮልቴጁ ከፍ ይላል።

ታዲያ ሁሉንም 500 ለምን አናደርገውም? ከፍ ያለ ቮልቴጅ ከፍ ያለ ምሰሶ፣ ሰፊ የተመነጠረ መሬትና ውድ ትራንስፎርመር ይጠይቃል። ለአንድ ኩንታል ጭነት ተሳቢ መኪና እንደማይከራዩት ሁሉ እዚህም ልኩን ማወቅ ነው የሚሻለው።

4. ሦስተኛው ጥያቄ፦ በየት በኩል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። የመሥመሩ መንገድ ዛፍ የሌለበት መሆን አለበት፤ ይህ የመሐንዲሱ ጭካኔ አይደለም። ሽቦ ሲጫንና ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ይረግባል፤ ዛፉ ደግሞ ያድጋል። ሁለቱ ከተቀራረቡ ኤሌክትሪኩ በዛፉ በኩል ወደ መሬት ይዘላል። ነሐሴ 8 ቀን 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003) በአሜሪካ ኦሃዮ የረገቡ ሽቦዎች በደንብ ካልተቆረጡ ዛፎች ጋር ተነካኩ። አንዱ መሥመር ሲቋረጥ ጭነቱ በሌላው ላይ እየወደቀ ሄዶ በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ጨለማ ውስጥ ገባ። ብዙ ሳይቆይ መስከረም 17 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ እኛ መስቀልን ስናከብር፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ በአንድ መሥመርና በአንድ ዛፍ መካከል የተጀመረ ብልሽት ጣልያንን ከሞላ ጎደል በሙሉ አጨለመ። ስለዚህ «ዛፉንም አትንኩ፣ መብራቱንም አምጡ» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም።

ሆኖም መንጠሩ ምን እንደሚያስከፍል በሂሳብ መታወቅ አለበት። ለመሥመሩ 30 ሜትር ስፋት ይመነጠራል ብንል፣ በደን ውስጥ የሚያልፍ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 3 ሄክታር ይወስዳል። አሁን ሁለት መንገዶችን እናወዳድር፤ ቁጥሮቹ ለትምህርት የተወሰዱ ናቸው።

አንደኛው መንገድ ቀጥታ 100 ኪሎ ሜትር፤ ከዚህ ውስጥ 20ው በደን። የሚመነጠረው ደን 60 ሄክታር።

ሁለተኛው መንገድ ዞሮ 114 ኪሎ ሜትር፤ ከዚህ ውስጥ 5ቱ በደን። የሚመነጠረው ደን 15 ሄክታር።

ሁለተኛው በ14 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ሽቦውና ምሰሶው በዚያ ልክ ይጨምራል፤ መሥመሩ በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ የሚቆመው ምሰሶም ጠንካራና ውድ መሆን አለበት። ይህ እውነተኛ ወጪ ስለሆነ መሸሸግ የለበትም። በኃይል ኪሣራ በኩል ግን ከላይ በሠራነው 132 ኪሎ ቮልት ብናሰላው 14ቱ ኪሎ ሜትር የሚጨምረው 64 ኪሎ ዋት ያህል ብቻ ነው፤ ከ20 ሜጋ ዋት ከመቶ አንድ ሦስተኛው እንኳ አይሞላም። በዚህ የተረፈው 45 ሄክታር ደን ነው።

45 ሄክታር ደን በከፋ ምንድን ነው? እንጨት ብቻ ቢሆን ኖሮ በኩንታልና በሜትር ኩብ ተቆጥሮ ያልቅ ነበር። ግን ከላይ ቀረሮውና ዋንዛው ጥላ ይሆናል፤ በቅርንጫፉ ላይ ቀፎ ይሰቀላል፤ ከሥሩ ቡናው፣ ኮረሪማውና ጥምዙ ይበቅላል። ጥላው ሲነሣ የጥላው ልጆች አብረው ይነሣሉ። ዓለም የሚጠጣው የአረቢካ ቡና መነሻው ይህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የቡናን ፍሬ የሚያጠቃው በሽታ አገራችን ገብቶ ገበሬውን ባስለቀሰበት ጊዜ፣ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጠው ያወጡት ከዚሁ ከደቡብ ምዕራቡ የቡና ሀብት ነው። ለሚቀጥለው በሽታ የሚሆነው መድኃኒት የትኛው ቁጥቋጦ ላይ እንዳለ ዛሬ ማንም ሊናገር አይችልም። የተቆረጠ ደግሞ አይጠየቅም።

የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ በሦስት ቀጠና እንዲያዝ ተደርጓል። የመጀመሪያው የማይነካው ማዕከል፣ ሁለተኛው በጥንቃቄ የሚጠቀሙበት ዙሪያው፣ ሦስተኛው ሰው የሚኖርበትና የሚያለማው ነው። ይህ ክፍፍል ለመሥመር አቃጅ የተዘጋጀ ካርታ ማለት ነው። ማዕከሉን ይለፈው፤ ሁለተኛውን ካልቸገረው አይንካው፤ ሦስተኛውን ይምረጥ።

ብልሃቶችም አሉ። አንደኛ፣ የመኪና መንገድን ተከትሎ መሄድ፤ መንገዱ አስቀድሞ የከፈተውን ሥፍራ መጠቀም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሸለቆ ሲያጋጥም ከጉብታ ወደ ጉብታ በረጅም ምሰሶ መዝለል፤ ያኔ ከታች ያለው ዛፍ ሳይነካ ሊቀር ይችላል። ሦስተኛ፣ መሻገር ግድ ከሆነ ደኑ በጠበበበት መሻገር። አራተኛ፣ ነገ ሌላ መሥመር የሚመጣ ከሆነ ሁለቱን በአንድ ሰርጥ ማሳለፍ።

ለመሐንዲሱም ቢሆን ይህ ትርፍ አለው። በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ያለ ምሰሶ በክረምት ቢወድቅ ጠጋኙ ምን ይዞ ይደርሳል? ለእርሱ ተብሎ መንገድ ቢቀደድ ደግሞ በዚያ መንገድ ጠጋኙ ብቻ አይሄድም፤ ጣውላ ጫኚውም ይሄዳል። ለሽቦ የተከፈተው 30 ሜትር በአሥር ዓመት ውስጥ የት እንደሚደርስ መገመት አያስቸግርም።

5. ዝናቡ፣ ጎጀብና ሽቦው

መሥመሩና ደኑ በአንድ መዝገብ ላይ ናቸው ያልነው ለማሳመር አይደለም። ውሃውን ተከትለን እንሂድ። በከፋ ደጋ የሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ ወደ ጎጀብ ይወርዳል። ጎጀብ ከጅማ በኩል ስንመጣ የምንሻገረው፣ ከፋን ከጅማ ዞን የሚለየው ወንዝ ነው። ጎጀብ ሄዶ ኦሞ ይገባል፤ የሚገባውም ከጊቤ ሦስት ግድብ በላይ ነው። እንግዲህ በእኛ ዛፍ ላይ የወረደው ጠብታ ጊቤ ሦስት ደርሶ ተርባይኑን ያዞራል ማለት ነው። ከዚያም ኤሌክትሪክ ሆኖ በአገሪቱ ሽቦ ይሠራጫል። በዚያው በኦሞ ወንዝ ላይ፣ ከጊቤ ሦስት ዝቅ ብሎ፣ የኮይሻ ግድብ ሥራ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ እርሱም የሚጠብቀው ይህንኑ ውሃ ነው።

ውሃው ሲያንስ ምን እንደሚሆን አይተናል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. በጊቤ ሦስት ያለው ውሃ በመቀነሱ የ476 ሜጋ ዋት እጥረት ተገልጾ በመላ አገሪቱ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር። ያ እጥረት በከፋ ደን መቆረጥ የመጣ ነው ማለታችን አይደለም፤ ምክንያቱ የዝናብ ማነስ ነው። ነገሩ የሚያስተምረን ግን አለ። ደን አፈሩን ይይዛል፣ ዝናቡን ቀስ እያደረገ ይለቃል። ገላጣ ኮረብታ ግን ውሃውን ባንድ ቀን ከነአፈሩ ይለቀውና በበጋ ባዶውን ይቀራል፤ አፈሩም ሄዶ በግድቡ ውስጥ ይተኛል። ደን ቆርጦ መሥመር መዘርጋት ቧንቧውን ለመቀጠል ሲባል ምንጩን እንደ መርገጥ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

6. ትልቁ ሽቦ እያለ መንደሩ ለምን ይጨልማል?

የልጁን ጥያቄ አሁን መመለስ እንችላለን። 132 ኪሎ ቮልት ማለት 132 ሺ ቮልት ነው፤ በቤታችን ያለው 220 ቮልት ነው። ከትልቁ ሽቦ ቀጥታ ወደ ቤት መቀጠል አይቻልም፤ ቤቱም ሰውየውም አይተርፉም። ኃይሉ መጀመሪያ ማከፋፈያ ጣቢያ ገብቶ ወደ 33 ወይም ወደ 15 ሺ ቮልት ይወርዳል። በየመንገዱ በምናየው ምሰሶ ተጉዞ ሠፈር ሲደርስ ደግሞ ትራንስፎርመር እንደገና ያወርደዋል። ማከፋፈያ ጣቢያ ውድ ስለሆነ በየመንደሩ አይተከልም።

ስለዚህ አንድ እቅድ «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ትልቅ መሥመር» ብሎ ቢያቆም ግማሽ እቅድ ነው። ማከፋፈያ ጣቢያው የት ይሁን? ከእርሱ የሚወጡት መሥመሮች ወደ ዴቻ፣ ወደ ጨና፣ ወደ ግምቦ የት ድረስ ይሄዳሉ? ብሎ መቀጠል አለበት። መሬቱን ለምሰሶ የሰጠ ሰው አምፖል ሳያይ ከቀረ፣ ያ ሰው ነገ መሥመሩን «የኔ ነው» ብሎ አይጠብቀውም።

በሌላ በኩል፣ ከመሥመር በጣም ርቆ ለተበተነ መንደር ሽቦ ሁልጊዜ ቀዳሚው መልስ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው አገር አቀፍ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም 65 በመቶውን ሕዝብ በዋናው መሥመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ እንደ ፀሐይ ኃይል ባሉ ከመሥመር ውጭ የሆኑ ዘዴዎች ለማዳረስ አልሞ ነበር። ጤና ኬላው የክትባት ማቀዝቀዣ የሚፈልገው ዛሬ ከሆነ፣ መሥመሩ እስኪመጣ ጣሪያው ላይ ፀሐይ መሰብሰቢያ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

7. ሰው የት ገባ?

መሥመር ሰው አልባ ወረቀት ላይ አይዘረጋም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ንብረት ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ እንዲከፈል ያዝዛል። ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተደንግጓል። ሥራው በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ አስቀድሞ እንዲጠና የሚያዝዘው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው።

ሕጉ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም፤ ቆጣሪው ምን እንደሚቆጥር ማወቅ አለበት። የበቆሎ ማሳ በዓይን ይታያል። «ይህ ዛፍ የእገሌ ቀፎ መስቀያ ነው፤ ያ የቡና ጫካ የእነእገሌ ነው» የሚለው ነባር ልማድ ግን ካርታ ላይ አይታይም፤ ሽማግሌ ተጠይቆ ነው የሚታወቀው። መሐንዲሱና ሽማግሌው የሚገናኙት ችካሉ ከተመታ በኋላ ከሆነ ስብሰባው ክርክር ይሆናል። ችካሉ ሳይመታ ከሆነ ግን ምክር ይሆናል። በዚህ ቦታ ላይ ነው መምህሩ የሚያስፈልገው። በገጠር ቀበሌ ካርታ አንብቦ፣ ደብዳቤ ተርጉሞ፣ «30 ሜትር ማለት ከዚያ ዋርካ እስከዚህ አጥር ነው» ብሎ ሊያስረዳ የሚችለው ሰው ብዙውን ጊዜ እርሱ ነውና።

8. ለክፍል ሥራ

ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የሚሆን በትንሽ ወጪ የሚሠራ ሙከራ እነሆ። ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ የእጅ ባትሪ አምፖልና 30 ሜትር ያህል ቀጭን የስልክ ሽቦ ይዘጋጅ። በመጀመሪያ አምፖሉን በአጭር ሽቦ አብሩ። ቀጥሎ ድንጋዩን በክፍሉ አንድ ጫፍ፣ አምፖሉን በሌላው ጫፍ አድርጋችሁ በረጅሙ ሽቦ መሄጃና መመለሻ አገናኙት። ብርሃኑ ይደክማል። አሁን ሦስተኛ ድንጋይ ጨምሩ፤ ብርሃኑ ይመለሳል። ተማሪው የመሥመር ኪሣራንና የቮልቴጅን ጥቅም በዓይኑ አየ ማለት ነው። ማስጠንቀቂያ፦ ሦስቱን ድንጋይ በአጭሩ ሽቦ አታገናኙ፤ አምፖሉ ይቃጠላል። ከግድግዳው ሶኬት ጋር ደግሞ ፈጽሞ ሙከራ አይሠራም!

ከሙከራው በኋላ የሚከተሉትን ጥያቄዎች እንሥራ።

ሀ) 20 ሜጋ ዋቱ በ66 ኪሎ ቮልት ቢላክ፣ በዚያው ሽቦና በዚያው ርቀት ኪሣራው ስንት ይሆናል?

ለ) ፍላጎቱ በየዓመቱ 5 በመቶ ብቻ ቢያድግ 10 ሜጋ ዋቱ እጥፍ ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጅበታል?

ሐ) በየቀበሌያችሁ ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባንድ ጊዜ የሚሠሩ ወፍጮዎች፣ ምጣዶችና የቡና መፈልፈያዎች ስንት ናቸው? ቆጥራችሁ ጻፉ።

መ) ከጎጀብ ድልድይ እስከ ቦንጋ መሥመር አስምሩ ብትባሉ በየት በኩል ታሳልፉታላችሁ? ካርታውን ሥሩና የምታልፉበትን ደንና የምትተውትን ደን በሄክታር ለዩ።

የመጨረሻው ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ የለውም። ስለዚህ እጩ መምህራንም ሆናችሁ አሠልጣኞች ካርታችሁን በወረቀት ሠርታችሁ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፉት። ጎን ለጎን ሲታዩ የትኛው መንገድ ስንት እንደሚያስከፍል እንከራከርበታለን፤ ክርክሩም ችካል ከመመታቱ በፊት የሚደረግ ይሆናል።